ገብረ ጥቁር፣ ማርያም ቀይ

ብቸና ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ያጓራል፤
ከመሬት ቢሮው ደጅ ጃንጥላ በጃንጥላ ይደረደራል።
እኔ ፕሮግራም ይዤ ከማርቆስ መጥቻለሁ፣
የይዞታውን መዝገብ ማሽን ላይ ላሰፍር ውል ፈርሜያለሁ።

ስም ለሚጻፍባት ለአንዲት ጠባብ ሳጥን
ሕግ ሰጥቻታለሁ፣ በልክ በመጠን፦
ቁጥር ከገባባት፣ ክፍት ቦታ ካየች፣
ወይ ከተሰጣት ልክ በአንድ ፊደል ካለፈች፣
ጽሑፏን አቅልታ «ተሳስተሃል» ትበል፤
አንዲት መስመር ኮድ ናት፣ ከዚያ በላይ አይደል።

መሪጌታ ልሳኑ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጡ፤
ዲማ ብራና ሲፍቁ፣ መቃ ሲቀርጹ ነው ጣቶቻቸው የጎበጡ።
በአንድ ጣት ለቀሙ፣ ጥሬ እንዳገኘች ዶሮ፤
ገብረ። ክፍት ቦታ። ማርያም።
ያ ስም ወዲያው ቀላ፣ የቡሬ በርበሬ መስሎ ተቀይሮ።

«ስህተት ነው» ልላቸው አፌን እንዳሟሸሁ
ወንበሩ ተንቋቋ፤ ብድግ ሲሉ አየሁ።
«እሰይ ይታይሽ ልጄ! ማን ነው ያስተማረሽ?
የእመቤታችን ስም በቀይ መጻፉን ይህ ብረት አወቀ፤ የነገርሽው አንቺ ነሽ?»

ቁጭ አሉ። መነጽር ዝቅ። ዝም።
ደግሞ አተኩረው፦
«ግን ልጄ፣ ገብረን ምነው አቀላሽው?
ሎሌ በጥቁር ነው፤ እመቤቲቱ ናት ቀይ።
ይህን የሳተ ተማሪ ኩርኩም ይቀምስ ነበር ዲማ ላይ።»

ምን ልበል? የዚያን ሌሊት፣ ከአልቤርጎው አምፖል ሥር፣
ላፕቶፔን ዘርግቼ ከአንዲት ሳጥን ጋር ክርክር።
ቅዪ ስላት ትቀላለች፤ ጥቆሪ ስላት ትጠቁራለች፤
ግማሽሽን ስላት ግን
በአንድ ነፍስ ሁለት ቀለም አልለብስም አለች።
ብቆልፋት ደግሞ፣ የሰጠኋትን ሁሉ ጥላ፣
ግራጫ ሆነች፤ ጮቄ ላይ እንደሚያድር ጉም ፊደሏን ጠቅልላ።

በመጨረሻ ነቀልኳት።
ለረጅም ጽሑፍ የሚሆነውን፣ ሰፊውን ሳጥን ተከልኩ፤
ቁመቱን ቆርጬ ባለ አንድ መስመር አደረግሁት፤ ወደ ታች መውረድ ከለከልኩ፤
ሚካኤልን፣ ኪዳንን፣ ሥላሴን በዝርዝር ከተትኩ፤
ከዜሮ ቆጥሬ፣ ከአራት እስከ ሰባት ላለው
ቀይ አለበስኩ።
ዶሮ ሲጮህ ገብረ ጥቁር፣ ማርያም ቀይ።

ጠዋት እውነቱን ተናገርኩ፦ «የኔታ፣ ያ የትናንቱ ቀይ ስህተት ነበረ፤
ማሽኑ ስሙን አልቀበልም አለ እንጂ መቼ አከበረ?»
ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። ከሳሉ መሐል፦
«ስህተት ቀለም ይሰጠዋል እንዴ? ስህተት በቢላዋ ይፋቃል!
ብራናው እስኪሳሳ ትፍቂዋለሽ እንጂ፣
ጥፋት ካባ ለብሶ ሲሾም የት አየሽ? እስቲ ፍረጂ።»

ትናንት የተመለሰው ገብረ ማርያም ገባ፣ የቦት ጫማውን ጭቃ አራግፎ።
አታሚው ግን የሚያውቀው ጥቁር ብቻ ነው፤
ወረቀቱ ወጣ፣ ሎሌና እመቤቱን በአንድ ጥቁር አሰልፎ።

ደርቄ ቀረሁ። መሪጌታ ምንም አላሉ፤
ከኮታቸው ኪስ ቀይ ቢክ አወጡ፤ ክዳኑን በጥርሳቸው ነቀሉ፤
የምላሳቸውን ጫፍ በከንፈራቸው ጥግ ይዘው፣
ማ
ር
ያ፣
በላዩ ሄዱበት፣ ቀስ ብለው።

ሰልፉ ከውጭ አጉረመረመ።
እሳቸው ገና «ም» ላይ ናቸው።